አባ ጅፋር የትኛው? የአንድ ፈረስ ስም እና የአንድ አገር ታሪክ



ቦሳ አዲስ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ «አባ ጅፋር» የሚለው ስም በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ስለ ኳስ እያወራ «አባ ጅፋር ድሮ ቀረ» ይላል፤ ክለቡን ማለቱ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶበት «ነገ አባ ጅፋርን አሳየዋለሁ» ይላል፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ማለቱ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አባ ጅፋር ጀግና ነበሩ ወይስ አልነበሩም እያለ ከማያውቀው ሰው ጋር ይከራከራል። ሦስቱም ተመሳሳይ ስም ይጠራሉ፣ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ያ ሦስተኛው ክርክር ነው። እንዲህ የሚል ሐሳብ ደጋግመን እናያለን፦ «አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት መሠረቱ፣ እስልምናን ተቀበሉ፣ ከምኒልክ ጋር ተስማሙ፣ አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ አረፉ።» እስቲ እናስላው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መንግሥቱ የተመሠረተው በ1830 አካባቢ ነው። ከምኒልክ ጋር የተደረገው ስምምነት በ1880ዎቹ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡት በ1930 ነው። መንግሥት የመሠረተ ሰው ያኔ ቢያንስ የ20 ዓመት ጎልማሳ ነበር ብንል እንኳ፣ ይህ ሰውዬ 120 ዓመት ያህል ኖሯል ማለት ነው!

ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ አባ ጅፋር የተባሉት ንጉሦች ሁለት ናቸው። በመካከላቸውም ሌሎች ሦስት ንጉሦች አሉ። እነዚያን ሦስቱን ዛሬ ስማቸውን የሚጠራ ወጣት ማግኘት ከባድ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። እኛ ሙስሊሞች «አባ» የሚለውን ስንሰማ ቶሎ የሚመጣብን የዐረቡ ኩንያ ነው፤ አቡበክር፣ አቡ ሁረይራ እንደሚባለው። ዐረብ አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ስም «የእገሌ አባት» ይባላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ «አባ» ሲሉ ካህኑን ወይም መነኩሴውን ማለታቸው ነው። የጊቤው «አባ» ከሁለቱም ይለያል። በኦሮሞ ቋንቋ «አባ» አባት ወይም ባለቤት ማለት ነው፤ ስለዚህ ሹመትን ይገልጻል፤ አባ ገዳ፣ የጦር መሪው አባ ዱላ፣ በጅማ ንጉሦች ዘመን ደግሞ የአውራጃ ገዢው አባ ቆሮ እንደሚባለው። ከዚህ ሌላ የፈረስን ባለቤት ይገልጻል። «አባ ጅፋር» ማለት «ጅፋር የሚባለው ፈረስ ጌታ» ማለት ነው። ልጅም አይደለም፣ የአባት ስምም አይደለም። የፈረስ ስም ነው።

ይህ ልማድ የጅማ ብቻ አልነበረም። በትምህርት ቤት ታሪክ የተማራችኋቸው ሰዎች ሁሉ የፈረስ ስም ነበራቸው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ነበሩ። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በሸዋ በኩል የፈረሱ ስም ለፉከራና ለዘፈን ቀርቶ የሰውየው ስም ለታሪክ ተረፈ። አዲስ አበባ ስትሄዱ ባልቻ ሆስፒታል ትላላችሁ እንጂ «አባ ነፍሶ ሆስፒታል» አትሉም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትላላችሁ፣ «አባ መላ ድልድይ» አትሉም። በእኛ በኩል ተቃራኒው ሆነ፤ የፈረሱ ስም ተርፎ የሰውየው ስም ጠፋ። እስቲ ከመካከላችሁ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ራሳቸው ማን ይባሉ እንደነበር የሚያውቅ ስንት ነው?

ሰና ይባሉ ነበር።

ሰና ከዲጎ ጎሳ የሆኑ የአባ መጋል ልጅ ናቸው። አባ መጋል ዛሬ የጅማ ከተማ በቆመችበት በሄርማታ አካባቢ የነበረው ሕዝብ መሪ ነበሩ። አገሩ ያኔ ጅማ ካካ ይባል ነበር፤ አንድ ንጉሥ የሚገዛውም አልነበረም። ልጅየው በ1830 አካባቢ በዙሪያቸው ያሉትን አስገብረው ራሳቸውን ሞቲ፣ ማለትም ንጉሥ አደረጉ። ጅሬንን መናገሻቸው አደረጉ፣ በግዛታቸው በተለያየ ቦታ ቤተ መንግሥት ሠሩ፣ እስልምናን ተቀበሉ። እስልምና ወደ ጊቤ የመጣው በጦር አልነበረም፤ ከሰሜን በሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች በኩል፣ በጨውና በጨርቅ፣ በቡናና በዝሆን ጥርስ መንገድ ነው የመጣው። ንጉሦቹ ሲሰልሙ የአገሩ ሕዝብ እየቆየ ተከተላቸው። ሰና እስከ 1855 ነገሡ። 25 ዓመት ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ጅማ «ጅማ አባ ጅፋር» የተባለችው በእኚህ በመጀመሪያው፣ በሰና ስም ነው። ጅማ ካካ የነበረው አገር በፈረሳቸው ስም ተጠራ። የሁለተኛው አባ ጅፋር አገሩን የተረከቡት ስሙ አስቀድሞ ከወጣለት በኋላ ነው። ደግሞ ይህ ቅጥያ ያስፈልግ ነበር፤ ወለጋ በኩል ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ አርጆ የሚባሉ አገሮች አሉ፣ እስካሁንም በወረዳ ስም ይጠራሉ። «ጅማ» ብቻ ቢሉ የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም ነበር።

ከሰና ቀጥሎ ልጃቸው አባ ሬቡ ነገሡ፤ ከ1855 እስከ 1859፣ 4 ዓመት ብቻ። ከዚያ የሰና ወንድም አባ ቦቃ፣ እስከ 1862። ከዚያ የአባ ቦቃ ልጅ አባ ጎሞል፣ እስከ 1878። ሦስቱ ሲደመሩ 23 ዓመት ነው። መንግሥት በመሥራቹ እጅ መቆሙ አይገርምም፤ መሥራቹ ከሞተ በኋላ ነው የሚፈተነው። ጅማ ያንን ፈተና ያለፈችው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ለአንዳቸውም ግን ዛሬ ስማቸው የተጻፈበት ክለብ የለም።

በ1878 የአባ ጎሞል ልጅ ገና ወጣት ሳሉ ነገሡና አባ ጅፋር ተባሉ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው አባ ጅፋር አባታቸውም አያታቸውም አይደሉም። የአያታቸው የአባ ቦቃ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ የቤተሰብ ስም አልተላለፈም። እንግሊዝ አገር «ስሚዝ» ማለት አንጥረኛ ማለት ነው፤ አንድ አንጥረኛ አያት ስሙን አውርሶ፣ ሐኪም የሆነውም ዳኛ የሆነውም የልጅ ልጅ ስሚዝ እየተባለ ይቀጥላል። የእኛዎቹ እንዲያ አልነበሩም። አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ አባ ጅፋር፤ አያት፣ አባት፣ ልጅ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ፈረስ ስም ይጠራሉ።

ሁለተኛው አባ ጅፋር ናቸው ዛሬ ፎቶግራፋቸውን የምታውቁት። ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። ጅሬን ያለውን፣ ዛሬ ጎብኚ የሚወጣበትን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤተ መንግሥት የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መስጊዱም አጠገቡ አለ። ለሐጅ የሚሄደው የጅማ ሰው ማረፊያ እንዲያገኝ መካ ላይ ቤት ማሠራታቸውም ይታወቃል። ከባለቤቶቻቸው አንዷ የሊሙ ንጉሥ ልጅ ስለነበሩ ሊሚቲ ይባሉ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ የጉማ አገር ሰው ስለነበሩ ጉሚቲ ይባሉ ነበር። (አያችሁ፣ ሴቶቹ በአገራቸው፣ ወንዶቹ በፈረሳቸው ነው የሚጠሩት። የእነዚህ ሴቶች የራሳቸው ስም የት ገባ? ይህ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የምኒልክ ጦር በራስ ጎበና መሪነት ወደ ጊቤ በመጣ ጊዜ ወጣቱ ንጉሥ ሳይዋጉ ለመገበር ተስማሙ። ይህ የሆነው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው። በቃል ታሪክ ይህንን የመከሯቸው እናታቸው ጉሚቲ እንደሆኑ ይነገራል። ውጤቱን ካርታ ላይ ታዩታላችሁ፤ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በዚያው ዘመን ንጉሦቻቸውን ሲያጡ ጅማ በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ቃዲ፣ በራሷ ገበያ 50 ዓመት ያህል ቆየች። ግብሩ ከባድ ነበር፣ አገሩ ግን አልተቃጠለም። የጅማ ቁርኣን ቤቶችና የዲን መምህራን በእነዚያ ዓመታት የበረከቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም ደስ ብሎን እናወራዋለን። የሚቀጥለውን ግን እንዘለዋለን። ስምምነቱ ግብር ብቻ አልነበረበትም፤ ምኒልክ በሚዘምቱበት ጊዜ ጦር ማዋጣትም ነበረበት። በ1894 ወላይታ ሲወረር፣ በ1897 ካፋ ሲወረርና ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ሲያዙ የጅማ ጦር ከዘማቾቹ ጋር ነበር። ሄርማታ ገበያ ደግሞ የቡናና የማር ብቻ ገበያ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያ ታላቅ የሐሙስ ገበያ በአካባቢው ትልቁ የባሪያ መሸጫም ነበር። ከጅማ ደቡብና ምዕራብ ካሉ አገሮች የተፈነገሉና የተማረኩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች፣ በዚያ አልፈዋል። የንጉሡ ቤትም በባሪያ ጉልበት ይሠራ ነበር።

ይህንን የምንጽፈው ሟችን ለመውቀስ አይደለም፤ አላህ ይዘንላቸው። ግን ስልክ ላይ የምናየው ክርክር ለምን እንደማያልቅ አስተውሉ። አንዱ ወገን «አባ ጅፋር» ሲል የሚያስበው አገር የመሠረተውንና እስልምናን የተቀበለውን ሰና ነው። ሌላው ወገን የሚያስበው ከካፋ ዘመቻ ጋር ስሙ የሚነሳውን የሁለተኛውን ነው። ያኛው በመሥራቹ ክብር ሁለተኛውን ይከላከላል፤ ይኼኛው በሁለተኛው ዘመቻ መሥራቹን ይወቅሳል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው አባ ጅፋር ሕዝባቸውን ከእልቂት ያዳኑ አስተዋይ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ዋጋውን ከከፈሉት መካከል ግን የወላይታና የካፋ ሰዎች፣ በሄርማታ የተሸጡት ልጆችም አሉበት። ሁለቱም ነገር በአንድ ሰው ዘመን ሆኗል። ሰና ግን ከምኒልክ ጋር አልተስማሙም፣ ካፋም አልዘመቱም፤ ያኔ ከሞቱ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የስም መደራረቡ በጅማ አያቆምም። አምስቱን የጊቤ መንግሥታት ሳጠና መጀመሪያ ያደናገረኝ ይህ ነው። የሊሙ እናርያ መንግሥት መሥራች ቦፎ የፈረስ ስማቸው አባ ጎሞል ነበር፤ የሁለተኛው አባ ጅፋር አባትም አባ ጎሞል ናቸው። የሰና አባት አባ መጋል ነበሩ፤ ጌራም አባ መጋል የሚባል ንጉሥ ነበራት፤ ሲሞቱ ባለቤታቸው ገኔ ፋ አገሩን ገዙ። ጉማ ላይ አባ ጆብር የሚባሉ ስመ ጥር ንጉሥ ነበሩ፤ የመጨረሻው የጅማ ገዢም አባ ጆብር ናቸው፣ የሁለተኛው አባ ጅፋር የልጅ ልጅ። የእሳቸው አባት ደግሞ አባ ዱላ ይባላሉ፤ ይህም ስምም ሹመትም ሊሆን የሚችል ቃል ነው። ስለዚህ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ሄዳችሁ ሽማግሌ ስትጠይቁ «አባ ጎሞል እንዲህ አደረጉ» ቢሏችሁ፣ ወዲያው ከመጻፋችሁ በፊት «የየት አገሩ አባ ጎሞል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁ የአባታቸውን ስም ጠይቁ። ይህች አንድ ጥያቄ 50 ዓመት ስሕተት ታተርፋለች።

የመንግሥቱ መጨረሻ አጭር ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር አርጅተውና ታመው ሳሉ ሥልጣኑ ወደ አባ ጆብር አለፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ጅማን በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር አዋሉ። ጣሊያን ሲገባ አባ ጆብርን ሱልጣን አደረጋቸው፤ በአዌቱ ወንዝ ዙሪያ አዲሱን ከተማም ሠራ። ሄርማታ የሚለው ስም ለቀበሌዎች ቀረ፤ ዛሬ ሄርማታ መርካቶ፣ ሄርማታ መንቲና የምንላቸው የዚያ የገበያ ስም ቅሪት ናቸው።

የንጉሡ ስም ግን አልሞተም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ስለዚህ መንግሥት ያሳተሙት መጽሐፍ በርዕሱ ላይ «ጅማ አባ ጅፋር» የሚል አለበት። በዚያው ርዕስ ላይ ኦሮሞ ራሱን የማይጠራበት፣ የሚጠላው የድሮ መጠሪያም ነበረበት። በ2001 እንደገና ሲታተም ያ ቃል ወጥቶ «ኦሮሞ» የሚለው ገባ፤ «ጅማ አባ ጅፋር» የሚለው ግን ባለበት ቀጠለ።

ከዚያ ኳሱ መጣ። የከተማችን ሰው ቀልደኛ ነውና አንዱን ክለብ «ጅማ አባ ቡና» ብሎት ነበር። እንደ ንጉሥ የፈረስ ስም የተሰካካ፣ ግን ፈረሱ ቡና የሆነ! እሱ በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ጅማ ከተማ የሚባለው ክለብ አደገ፣ ስሙንም ጅማ አባ ጅፋር አለ። ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫውን በላ። ያን ቀን ጅማ ውስጥ የነበረ ሰው አይረሳውም። በሚቀጥለው ዓመት በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። የግብፅ ጋዜጠኞች «አባ ጅፋር» የሚለውን ሲያነቡ ምን አስበው ይሆን? ምናልባት እንደ ኩንያ «የጅፋር አባት» ብለውት ይሆናል። ክለቡ በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

የፈረስ ስም እንዲህ ሩቅ ሲሄድ የመጀመሪያው አይደለም። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም ቃኘው ጣቢያ ተባለ። አንድ የሐረር ፈረስ ኮሪያ ደረሰ!

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ጅማ፣ አጋሮ፣ ሰቃ፣ ሊሙ ላይ የብዙዎቻችሁ የአባት ወይም የአያት ስም «አባ» ብሎ ይጀምራል፤ አባ ጊቤ፣ አባ ፊጣ፣ አባ ቡልጉ፣ አባ መጫ። ዘመኑ ሲቀየር ፈረስ የሌለው ሰውም እየተጠራበት የክብር ስም ሆኗል። መታወቂያ ሲሞላ ግን ችግር አለ። ጸሐፊው «አባ»ን ለብቻው የአባት ስም አድርጎ፣ ቀጣዩን ቃል የአያት ስም ያደርገዋል። አንዱ ወረቀት ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ከዚያ ልጁ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ወንድምና እህት በሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይመዘገባሉ፤ ዝምድናቸውን ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጠየቃሉ። ከራሴ ዘመዶች አንዱ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። እዚያ ያለው ሠራተኛ «አባ ማለት ስምህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «የአያቴ ፈረስ ባለቤት ማለት ነው» ብሎ ማስረዳት አይታሰብምና «አዎ» ብሎ ፈርሟል።

ፓስፖርት ለማውጣት የምትዘጋጁ ካላችሁ የልደት ምስክር ወረቀታችሁ፣ መታወቂያችሁና የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ «አባ» የሚለው አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ደግሞ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ በቤታችሁ ያለው «አባ» የማን እንደነበር፣ እውነት ፈረስ ነበረው ወይ፣ ሰውየውስ እናቱ ያወጣችለት ስም ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁልን። የነገሯችሁን ላኩልን፤ ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ጽሑፍ እናወጣዋለን።